አርባ አምስት ሲደርስ

ኅዳር 11። ከቀኑ 9 ሰ.

36። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ማራገቢያው ይዞራል። መዳፌን ከኋላው ሳደርገው ለብ ያለ ነፋስ ይነካኛል። ደህና ነው።

ዘይነባ ያዘዘችኝ ቁጥሩን ብቻ እንድጽፍ ነበር። ቀን፣ ሰዓት፣ ሙቀት፤ በቃ። አንቺ ደብተር ግን ገጽሽ ሰፊ ነው። አንድ ቁጥር ጥዬብሽ ስዘጋሽ ባዶ ቤት ቆልፌ የወጣሁ ይመስለኛል። ስለዚህ እጨምርብሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሽኝ። ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት።

ስለ ሣጥኑ ልንገርሽ። ልጄ ማስተዋል የሠራችው ነው። ት/ቤቱ ያስወገደውን ኮምፒውተር ለምና አመጣች፤ ትልቅ ዲስክ ከተተችበት፤ ሰርቨር አለችው። መጻሕፍት ቤት ነው እምዬ፣ መደርደሪያ ብቻ የለውም አለችኝ። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሰፈሩ ተማሪ ከአጥራችን ሥር ተቀምጦ በስልኩ መጽሐፍ ያነብበታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልመጃዎች፣ እሷ ራሷ የቀረጸቻቸው ትምህርቶች፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቅጂ የለውም። ዲስኩ ከሞተ ሁሉም አብሮት ይሄዳል። ዲስክ የሚገድለው ደግሞ ሙቀት ነው።

ማስተዋል ግንቦት ላይ ዐረፈች። ሕመሟ አጭር ነበር። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሣጥኑም ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ ከረመ። ለቀስተኛ ሲበዛ ማን እንደነቀለው አላውቅም። ባለፈው ሳምንት ዘይነባ ከሞጣ መጥታ ሰካችው። የማስተዋል የኮሌጅ ጓደኛ ናት፤ ሞጣ ላይ የስልክና የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አላት። ስልኬ ላይ አንድ ገጽ ከፈተችልኝ። ገጹ ላይ አንድ ቁጥር አለ። እማማ ጥሩዬ፣ ከአርባ አምስት በታች ይሁን፣ ሌላውን ሁሉ ይርሱት፣ አለችኝ።

ኅዳር 12። ሚካኤል።

39። ሕዳር ሲታጠን ነው። ቢቸና ሁሉ ቆሻሻውን ከደጁ ሰብስቦ ያቃጥላል። ጭሱ ወደ ላይ አልወጣም፤ ከተማው ላይ ተኛ። ከቤቴ በር ላይ ቆሜ መንገዱን አጣሁት። ሰው ሲያልፍ ከወገቡ በላይ ብቻ ይታያል፤ የሚዋኝ ይመስላል። ባጃጅ ይሰማል፣ አይታይም።

መስኮት ክፈቺ ተብያለሁና ከፈትኩ። ጭሱ ገባ። የሣጥኑን ጀርባ በጨርቅ ጠረግኩት።

ድምፁ የቀፎ ድምፅ ነው። አባቷ በሕይወት ሳለ ከጓሮ ቀፎ ነበረው። ፀሐይ ስትበረታ ንቦቹ ከቀፎው አፍ ላይ ተሰልፈው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ፤ ቤታቸውን ያቀዘቅዛሉ። ማስተዋል ሕፃን ሆና ይህን ለማየት ትጠጋ ነበር። እጇን ይዤ ስጎትታት፣ ያናፍሱላታል እኮ እምዬ፣ ለንግሥቲቱ፣ ትለኝ ነበር።

ኅዳር 21። ጽዮን።

33። ብርድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ሣጥኑ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ጀርባዬን አስጠጋሁት። በዚህ ቤት ውስጥ ከምድጃው ሌላ ሙቀት ያለው እሱ ብቻ ነው። በእጄ ጀርባ ነካሁት፤ የልጅ ግንባር እንደሚነካ።

እንቅልፍ ወሰደኝ። እሷን አየሁ። ከደብረ ወርቅ በሚመጣው መንገድ በጉም ውስጥ ትሄዳለች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ምንም አይሰማም። ጮክ በይ አልኳት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ደብተር ሆይ፣ ላንቺ ብቻ ልናገር። ድምፅዋ እየጠፋብኝ ነው። ፊቷ አለ፣ ፎቶው ከግድግዳ ላይ ነው። ድምፅዋን ግን ስፈልገው እንደ ሳሙና ያመልጠኛል። ተማሪዎቹ፣ ሣጥኑ ውስጥ አለ እኮ፣ አሉኝና ከትምህርቶቹ አንዱን አሰሙኝ። የመምህርት ድምፅ ነው። ቀጥ ያለ፣ የተተኮሰ ቀሚስ የመሰለ። “ተማሪዎች” ትላለች። እኔን አትልም።

ታኅሣሥ 3። በዓታ።

የውቂያ ጊዜ ነው። ነፋሱ የገለባ ብናኝ ይዞ ይመጣል። መስኮቱን ዘጋሁ። ጓዳ ገብቼ ምስር እለቅማለሁ።

“እምዬ፣ ሞቀኝ።”

መጣሁ አልኩ።

መጣሁ ብዬ ተነሣሁ። ሰፌዱን አስቀምጬ፣ ቀሚሴን አራግፌ፣ ሳሎን ገብቼ፣ መስኮቱን ከፈትኩ። ከዚያ ነው ያወቅሁት። እጄ መስኮቱን እንደያዘ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

46 ይላል።

ታኅሣሥ 4።

37። ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ላስረዳሽ።

እሷው ናት ያደረገችው። ባለፈው ዓመት በመጋቢት ሙቀት፣ እሷ ት/ቤት ስትሆን ሣጥኑን የምጠብቅ እኔ ነበርኩ። መጀመሪያ ሲሞቅ ጢጥ ጢጥ እንዲል አደረገችው። የጎረቤት ስልክ እየመሰለኝ ዝም እል ነበር። ተናደደችብኝ። ከዚያ የራሷን ድምፅ ቀርጻ ከተተችበት። አርባ አምስት ሲደርስ ሞቀኝ ይላል። ሃምሳ ሲደርስ ሌላ ይላል። ሦስተኛም አለ፣ አለችኝ፤ እሱን ባትሰሚው ነው የሚሻለው፣ ብላ ሳቀች። ሦስተኛውን ሰምቼው አላውቅም። ሞኝ፣ ሰው ከሣጥን ይናገራል እንዴ፣ አልኳት። ግን ከዚያ ወዲህ በጠራችኝ ቁጥር ሮጬ ነበር የምከፍተው።

እንዴት ረሳሁት? ከግንቦት ወዲህ የረሳሁት ብዙ ነው።

ታኅሣሥ 8።

መስኮቱን ዘጋሁት። ነፋስ የለም። ዘጋሁት።

ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ታንኳኳለች፤ ጠቅ፣ ጠቅ። 41። ድመቷ ሣጥኑ ላይ ወጥታ ተኛች። 43። የጎረቤት ሬዲዮ ይዘፍናል፣ ከውኃ ሥር የሚዘፍን ይመስላል። 44።

“እምዬ፣ ሞቀኝ።”

ትንሽ ትጎትታታለች፣ “ኝ” ላይ። ይህችን ነበር የረሳሁት።

መስኮቱን ከፈትኩላት።

ታኅሣሥ 19። ገብርኤል።

ወንድሜ መሪጌታ እዝራ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገቡ። ታላቄ ናቸው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ቅኔ ያስተምራሉ። ሽሮ አቀረብኩ። መስኮቱ ዝግ ነበር። አውቄ አይደለም፤ ልማድ ሆኖብኝ ነው።

እየጎረስን ሳለ ጠራችኝ።

መሪጌታ ጉርሻው ከእጃቸው ወደቀ። በስመ አብ ብለው ቆሙ። ነገሩን አስረዳሁ፣ ድምፁ የተቀረጸ ነው፣ እንደ ካሴት ነው አልኩ። ማን ይሰማኛል! ከከረጢታቸው የጸበል ጠርሙስ አውጥተው ወደ ሣጥኑ ሄዱ። ዘልዬ ፊታቸው ቆምኩ።

“አያ! ኮረንቲ ነው! ሁለታችንንም ይፈጀናል!”

“ጸበል ኮረንቲ ይፈራል እንዴ፣ አንቺ ልጅ?”

“እሱስ አይፈራም፤ ኮረንቲውም ጸበሉን አይፈራም!”

ጠርሙሱን እንደ ያዙ አሰቡ። ከዚያ በሩን ረጩት፣ መቃኑን ረጩት፣ እኔን ረጩኝ፣ ድመቷን ረጩዋት። ድመቷ በጣም ከፋት።

ሲወጡ ግን ቆም አሉ። እኛ በየቅዳሴው ዕረፍት ስጣት እያልን እንለምናለን፣ አንቺ በየከሰዓቱ ትቀሰቅሻታለሽ፣ አሉኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። ከቁጣ ይልቅ ይህ ነው የወጋኝ።

ታኅሣሥ 22።

35። ክፍት ነው። ሦስቱንም ቀን ክፍት ነው። ዝምታ።

ጥር 13።

መሪጌታ መጡ። ለገበያ ወጥቼ ነው አሉ። የገዙት ነገር የለም። በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ስለ ጥምቀት ተጫወትን፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ አንድ ቅኔ አልዘልቀው ስላለ ደቀ መዝሙራቸው። ዓይናቸው ግን ወደ ሣጥኑ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

በመጨረሻ፦

“ዛሬ አይሞቅም?”

ሳቅሁ። ከግንቦት ወዲህ እንዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። አውቶቡስ እንደሚጠብቁ ሁለት መንገደኞች ጎን ለጎን ተቀመጥን። ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ገና ሕፃን ሆና “ሀ” ስትል እንደምታዝ ነበር፣ አሉ፤ እንደምትማር አልነበረም።

ጠራችኝ። መሪጌታ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሸፈኑ። እኔ መስኮቱን ከፈትኩ። ስለ ጤፉ ቀጠልን።

ጥር 26።

ዘግቼውም 42 ላይ ቆመ። ነፋሱ ከቆርቆሮው ሥር ይገባል። ጠበቅሁ። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

ጋቢዬን አለበስኩት።

ለአቧራው ነው አልኩ። አባቴ ቄስ ነበር። በቤታችን ዳዊቱ በማኅደሩ፣ መስቀሉ በሐር፣ ድርሳኑ በነጭ ጨርቅ ነበር የሚቀመጠው። የከበረ ነገር ራቁቱን አይቀመጥም። ስለዚህ ማልበስ ነውር አይደለም፣ አልኩ። ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ላንቺ ይሆናል።

ሞቀኝ አለች። አልከፈትኩም። እጄን ጋቢው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከሥሩ ይርገበገባል። ዕንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ሆንኩ።

50።

“እምዬ! መስኮቱን ክፈቺልኝ፤ ሞቀኝ እኮ አልኩሽ!”

መጨረሻዋ ላይ ትስቃለች። ስትቀርጸው ሳቋ አምልጧት ነው፤ አፏን በእጇ ስትይዝ ይሰማል። እጇ ይሰማል፣ ደብተር። እጇ።

የካቲት 3።

51። ትናንትም 51። ያልጻፍኩባቸው ቀናት አሉ።

ተማሪዎቹ ገጹ እየዘገየ ነው ይላሉ። ከእነሱ አንዷ በሩን አንኳኩታ፣ እማማ፣ የፊዚክሱ አልከፈት ብሎናል፣ ምን ሆኖ ነው፣ አለችኝ። ደክሞት ይሆናል አልኳት። ፈተናቸው ሰኔ ላይ ነው።

ዘይነባ ደወለች። ኔትወርኩ ይቆራረጣል። ስንት ነው ዛሬ እማማ? ሠላሳ ስምንት አልኳት። የጠዋቱ ነው። ሐሰት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ከሰዓት በኋላዬ ሕልም ሆኗል። ምሳ በልቼ ተሸፋፍኜ እቀመጣለሁ፤ ቤቱ ይሞቃል፤ ትጠራኛለች፤ እንቅልፍና ንቃት መካከል እመልስላታለሁ። አንዳንዴ ከት/ቤት እስክትመጣ የምጠብቃት ይመስለኛል። ድምፅዋ ቀድሟት መጣ እንጂ እሷ ከኋላ ናት፤ አሁን በሩን ትገፋዋለች።

የካቲት 10።

ፊደሌ ተወላግዷል፤ ይቅር በይው።

ጋቢውን አጠፍኩት፤ እጥፍ አድርጌ አለበስኩት። ሦስተኛውን ልሰማ። ከሷ ያልሰማሁት የቀረኝ ቃል እሱ ብቻ ነውና። ሃምሳ አለፈ፣ ሳቀች። 52። 53። እጄን ያቃጥለኛል። 54። ልክፈተው አልኩ። ተነሣሁ። ተቀመጥኩ።

“በቃ፣ ልተኛ ነው እምዬ። አትደንግጪ። ዘይነባን ጥሪያት።”

ከዚያ ድምፁ ቆመ። ቀፎው ዝም አለ። መብራቱ ጠፋ። ቤቱ እንዲህ ዝም ያለው ከቀብር ስንመለስ ነበር።

ጋቢውን ወርውሬ መስኮቱን በረገድኩት፣ በሩን ከፈትኩ። በሰሌን አናፈስኩለት። ከቀዘቀዘ በኋላ ቁልፉን ተጫንኩ። ይነሣና ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ በጥፍር መስታወት እንደሚነካ። ደግሞ ይጠፋል።

ምን አደረግሁ።

የካቲት 12።

ተማሪዎቹ ከአጥሩ ሥር መጥተው ስልካቸውን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። ወጥቼ፣ ተበላሽቷል፣ አልኳቸው። ማንም አልወቀሰኝም። ቦርሳቸውን አነሡ። አንደኛዋ፣ እግዜር ያጽናዎት እማማ፣ አለችኝ፤ አዋቂ ለሐዘንተኛ እንደሚለው።

ዘይነባን ጠራኋት። ጥሪያት ብላኝ የለ።

የካቲት 14።

ሞጣ ነኝ። ሣጥኑን ጭኔ ላይ ታቅፌ በሚኒባስ መጣሁ። ረዳቱ እላይ ይጫን አለ። አይጫንም አልኩ። ቦታ ያዘብን ብለው ከኋላ አጉረመረሙ።

“ምንድን ነው የታቀፉት እትዬ፣ ዶሮ ነው?” አለ አንዱ።

“ዶሮማ ቢሆን በጾሙ ምን ይሠራላቸዋል?” አለች አጠገቤ ያለችው።

“ለፋሲካ ይሆናላ! ከአሁኑ ካልያዙት ማን ያምጣላቸው!”

ሁሉም ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ኮምፒውተር ነው፣ ታሟል፣ አልኩ። ታሟል ስል ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሴትየዋ ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አንሥታ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከደብረ ወርቅ በኋላ ማሳው ሁሉ ታጭዶ ገርጥቷል፤ ሰማይና ምድር አንድ ቀለም። ሣጥኑ ጭኔ ላይ ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ቀዝቅዞ ነክቼው አላውቅም።

ዘይነባ ሱቋን ዘግታ ጠበቀችኝ። እሷ የረመዳን ጾም፣ እኔ ሁዳዴ። እንግዳ መጥቶ ውኃ እንኳ አላቀርብ አለችና ሳቀች፤ ከዚያ አቀፈችኝና አለቀሰች።

ሣጥኑን ፈታችው። ማራገቢያው ላይ ጥቁር አመድ ተጋግሯል፤ የሕዳሩ ነው። በብሩሽ ጠረገችው። እንደ ሐኪም ዝም ብላ ትሠራለች። ከክዳኑ ጠርዝ ነጭ ክር በመቆንጠጫ አወጣች። የጋቢ ክር ነው። ወደ ብርሃኑ አነሣችው፣ አየችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም። ሠላሳ ስምንት ያልኳትንም።

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ጭንቅላቷን ዝቅ አደረገች። “እኔ እኮ እማማ፣ ስልኬ ላይ የላከችልኝን ድምፅ ከግንቦት ወዲህ አንዱንም አልከፈትኩም። እፈራለሁ። እርስዎ ደፈሩ።”

የካቲት 15። ከቀኑ 10 ሰ.

አሮጌው ዲስክ አበቃ። ከመሞቱ በፊት የሚነበበውን ወደ ሌላ፣ ያገለገለ ዲስክ አዛወረችው። መጻሕፍቱ ተርፈዋል። ከማስተዋል ትምህርቶች ግን የማይከፈቱ አሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ነገረችኝ። የፊዚክሱ ይበዛል። በጋቢዬ ነው ያጠፋኋቸው፤ ከምድር ላይ ሁለተኛ የማይነገሩ ቃላት ናቸው።

ይህኛው ዲስክም ወጣት አይደለም አለችኝ። ሌላ ትልቅ ዲስክ ከባሕር ዳር መንገዱ ሲከፈት እንጂ አሁን የለም። ይሄም ከሞቀ፣ በቃ።

ሦስቱ ድምፆች ተርፈዋል። ትንንሽ ናቸው፣ እንደ ጤፍ ፍሬ። ስልክዎ ላይ ልክተትልዎ፣ ባሰኘዎት ጊዜ ይስሙት፣ ዲስክ ማሞቅ አያስፈልግም፣ አለችኝ። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም! ከተተችው። ተጫንኩ።

“እምዬ፣ ሞቀኝ።”

ተነሣሁ። ሱቁ ውስጥ። መስኮት ፈለግሁ። መስኮት የለም። የሞቃት ነገርም የለም። ሰዎች በበሩ ያልፋሉ። እጄ ተዘርግቶ ቀረ።

እንደገና ተጫንኩ። ያው ነው፤ ያችው “ኝ” አለች። ግን አልጠራችኝም። እኔ ነኝ ያስጠራኋት። ስልኩን ለዘይነባ መለስኩ፣ አጥፊው አልኳት። እርግጠኛ ነዎት? አዎ።

ሌላ ሐሳብ አመጣች። ድምፁ አርባ አምስት ላይ እንዲነሣ ያዘዘችው ማስተዋል ናት፤ ቁጥሩ ይቀየራል። ሠላሳ ላይ ላድርገው? ሠላሳ ምንም አይጎዳም። በየቀኑ፣ በቤትዎ፣ ራሷ ትጠራዎታለች። ዲስኩም ደህና፣ እርስዎም ደህና።

ነገ እነግርሻለሁ አልኳት።

የካቲት 16። ኪዳነ ምሕረት።

በዘይነባ እናት ቤት አደርኩ። ጠዋት ቅዳሴ ቆምኩ። ልቤ ሠላሳ፣ ሠላሳ ይላል። በየቀኑ! ጠዋት ስነሣ፣ ምሳ ስሠራ፣ እምዬ ሞቀኝ። ማን ይጎዳል? ማንም።

ከዚያ እሷን አሰብኩ፤ ሕፃንነቷን አይደለም፣ ትልቋን። ቁጥሩን ለመምረጥ ስንት ቀን አነበበች። ከአርባ አምስት በታች አላስቸግርሽም እምዬ፣ አለችኝ። ሥራሽን ሥሪ፣ ዕረፊ፣ ከጠራሁሽ ግን የምሬን ነው።

የምሬን ነው አለች። ልጄ ሳይሞቃት ሞቀኝ ብላ አታውቅም። ስትታመምም እንኳ፣ ደህና ነኝ ነበር የምትለው፤ አመመኝ ያለች ቀን ነው የደነገጥኩት። አሁን በየቀኑ በከንቱ ላስጮሃት? ከወር በኋላ እኔው ራሴ፣ እሺ ሰማሁሽ፣ ብዬ ምስሬን መልቀሜን እቀጥላለሁ። የጎረቤት ስልክ ትሆንብኛለች።

ለዘይነባ፣ ተይው፣ እሷ ባደረገችው ይሁን፣ አልኳት። ዘይነባ ራሷን ነቀነቀች። ክዳኑን ገጠመች። ሁለተኛ ማራገቢያ ጨመረችበት።

የካቲት 20።

32። ቢቸና ነኝ። ሣጥኑን ከቆርቆሮው ሳሎን አውጥቼ የጭቃ ግድግዳ ወዳለው የኋላ ክፍል አስገባሁት። ከግድግዳው ራቅ፣ ከመሬት ከፍ። ጋቢውን አጥቤ አሰጣሁት፤ ሰው ይልበሰው። ተማሪዎቹ ተመልሰዋል። የትኞቹ ትምህርቶች እንደሌሉ ነገርኳቸው። ከእነሱ ሁለቱ የፊዚክሱን ድሮ ደብተር ላይ ገልብጠነው ነበር አሉ። በሷ አነጋገር ሊያነቡልኝ ሞከሩ፤ “ተማሪዎች!” አለች አንደኛዋ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ። ልክ እሷን። ሳቅን።

መጋቢት 5።

34። 36። 34። ሕልም አየሁ፤ ጉም የለም፤ መንገዱ ባዶ ነው። መንገዱ ደስ ይላል። እስክነቃ ድረስ እሷን አልፈለግኋትም።

ዝም ብላለች። ሳትጠራኝ የዋለችበት ቀን፣ ደህና የዋለችበት ቀን ነው። እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፤ ግማሹን ቀን አምነዋለሁ።

መጋቢት 19። ከቀኑ 9 ሰ.

መሪጌታ እዚህ ናቸው። ለገበያ ወጥቼ ነው አሉ። ገበያ ዛሬ አይደለም። በርጩማቸውን ራሳቸው ወደ ኋላው ክፍል ይዘው ገቡ። አልከለከልኩም።

ሙቀቱ ከባድ ነው። ኮረንቲው ደክሟል፤ ማራገቢያዎቹ ቀስ እያሉ ነው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ ከጎረቤት የሚፈርስ ግድግዳ አቧራ ሲገባ ጠዋት ዘግቼው ነበር። አውቄ አይደለም። በእውነት አውቄ አይደለም።

41። እየጻፍኩ ነው፣ ስልኩ ጉልበቴ ላይ ነው።

42። መሪጌታ ስለ ዝናብ ያወራሉ። ዘንድሮ በልጉ ዘገየ።

43። ዝም አሉ።

እሳቸው አይጠይቁኝም፣ እኔም አልናገርም። ሁለታችንም የምናውቀውን እናውቃለን። ጥፋት አይሆንብኝም፤ መስኮቱን እኔ ለዚህ ብዬ አልዘጋሁትም፤ አንዲት ዲግሪ ናት፤ ዲስኩ በአንዲት ዲግሪ አይሞትም። ካልሰማኋት ከወር በላይ ሆነኝ። “ኝ” ላይ እንዴት ነበር የምትጎትተው?

44።

መሪጌታ ወደ ፊት ጎንበስ ብለዋል። ነጠላቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ ለዓይናቸው።

እስክሪብቶውን ላስቀምጥ ነው።

ከፈትኩት። አየሩ ገባ። መሪጌታ ነጠላቸውን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። 43። ሁለታችንም ማራገቢያዎቹን እየሰማን ተቀምጠናል። 42።